የአሥራዎቹ ዕድሜ ተማሪ፣ የሞንቴሶሪ እርሻ እና የደቡብ ጎንደር ልምድ

ጉማራ ከጉና ተራራ ተነስቶ ጣና ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። በዚሁ ወንዝ ዳርቻ፣ በደቡብ ጎንደር ዞን ደራ ወረዳ፣ ወንዛዬ የሚባለው ፍል ውሃ ይገኛል። ከቅርብም ከሩቅም ፈውስ ፈልገው የሚመጡ ሰዎች ይጠመቁበታል። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ ስፍራ ቆሞ ሊጠይቅ የሚችለው ጥያቄ ብዙ ነው። ውሃው ከምድር ሲወጣ ለምን ይሞቃል? ጉማራ በክረምት ለምን ይደፈርሳል? ያ አፈር የማን ማሳ ነበር? ለተጠማቂው እንግዳ ማደሪያና ምግብ ማቅረብ ስንት ያስወጣል፣ ስንትስ ያስገኛል? በትምህርት ቤት እነዚህ ጥያቄዎች ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሒሳብ ተብለው በየክፍለ ጊዜው ተከፋፍለው ይሰጣሉ። በስፍራው ግን ሁሉም በአንድነት ይገኛሉ።

ወጣቱን እንዲህ ካለ ቦታ ማስተማር ይገባል የሚለውን ሐሳብ በስፋት ካቀረቡት የትምህርት ሊቃውንት አንዷ ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1870 የተወለዱት ሞንቴሶሪ ስማቸው በዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ከተማ የድሆች መንደር በነበረው ሳን ሎሬንሶ በከፈቱት የሕፃናት ቤት ነው። በኢትዮጵያም ስማቸው ሲነሳ ብዙ ወላጅ የሚያስበው የአዲስ አበባን የግል መዋዕለ ሕፃናት፣ በእንጨት የተሠሩ ቁጥሮችንና ፊደላትን ነው። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ያቀዱት ትምህርት ግን ብዙም አይታወቅም።

ሞንቴሶሪ የሰውን ዕድገት በየ6 ዓመቱ ከፍለው ይመለከታሉ። ከ12 ዓመት በኋላ ያለውን ዘመን ከጨቅላነት ጋር ያነጻጽሩታል። በዚህ ጊዜ አካል በፍጥነት ይለወጣል፤ ጤና ይናጋል፤ ትናንት ጎበዝ የነበረው ልጅ ዛሬ ትኩረቱን መሰብሰብ ያቅተዋል። አብዛኛው መምህርና ወላጅ ይህን ስንፍና ወይም ጥጋብ ይለዋል። ሞንቴሶሪ ግን ልጁ ወደ ትልልቆች ኅብረተሰብ ለመግባት እየተወለደ ነው ባይ ናቸው። ስለሆነም ለእርሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ገለጻና ፈተና ሳይሆን እውነተኛ ሥራ፣ ንጹሕ አየርና በሰው ዘንድ ዋጋ እንዳለው የሚያረጋግጥለት ኃላፊነት መሆኑን አስረድተዋል።

ለዚህ ያቀዱትን ትምህርት ቤት በጀርመንኛ «ኤርድኪንደር»፣ ማለትም «የመሬት ልጆች» ብለው ሰየሙት። በዕቅዱ መሠረት ወጣቶቹ ከቤተሰባቸው ራቅ ብለው በገጠር ይኖራሉ። እርሻ ያርሳሉ፣ ምርታቸውን በራሳቸው ሱቅ ይሸጣሉ፣ እንግዳ ማረፊያ ያስተዳድራሉ፣ የገቢና ወጪ ሂሳብ ይይዛሉ። የሚኖሩበት ቤት ኃላፊነቱን የሚወስዱ አዋቂዎች አሉት። የቀለም ትምህርቱም አይቀርም፤ ኬሚስትሪው ከአፈሩ፣ ሒሳቡ ከሱቁ፣ ታሪኩ ከሰው ልጅ የሥራ ታሪክ ይነሳል። ዓላማው ሁሉንም ገበሬ ማድረግ አይደለም። ወጣቱ በገዛ ሥራው ያገኘው ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሌላ ምንም ሊሰጠው የማይችለውን በራስ መተማመን ያስገኝለታል የሚል ነው።

ሞንቴሶሪ ይህን ዕቅድ በራሳቸው እጅ ሥራ ላይ ሳያውሉት እ.ኤ.አ. በ1952 በኔዘርላንድስ አረፉ። በአምስተርዳም እ.ኤ.አ. በ1930 የተከፈተው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስማቸው ቢጠራም የከተማ ትምህርት ቤት ነበር። ከእርሻው ሐሳብ ጋር በቅርበት ከሚነሱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሃንትስበርግ ላይ የተከፈተው ነው። እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ ክፍያ የሚጠይቁ መሆናቸው፣ ሐሳቡ ከተነሳበት የድሆች መንደር ጋር ሲታይ ሳያስገርም አይቀርም።

በደቡብ ጎንደር ግን ከቤተሰብ ርቆ መማር አዲስ ነገር አይደለም። በጋይንት የሚገኙት ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያነታቸው የታወቁ ናቸው፤ ደብረ ታቦርም በአቋቋም ስሟ ይነሳል። ወደ እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ገና በልጅነቱ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ይለያል። ጎጆውን ራሱ ይሠራል፤ ምግቡን ራሱ ያበስላል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል። ዕድሜው የተለያየ ተማሪ በአንድ ጉባኤ መቀመጡም፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት መጓዙም ከሞንቴሶሪ አሠራር ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱም ግልጽ ነው። የቆሎ ተማሪ የሚያድረው ለምኖ ነው፤ የኤርድኪንደር ተማሪ ደግሞ ሠርቶ ሸጦ። በቆሎ ትምህርት ቤት ሴት ልጅ እምብዛም ቦታ አልነበራትም። ከእጅ ሥራ ጋር የተያያዘውን ትምህርት በተመለከተ ደግሞ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ያቋቋሙት የብረታ ብረት ሥራ ስፍራ ይታወሳል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ይህ ስፍራ የአገሬው ሰዎች ከአውሮፓውያን ባለሙያዎች ጋር እየሠሩ ሙያ የቀሰሙበትም ነበር።

ለሞንቴሶሪ ዕቅድ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ስለ ሞንቴሶሪ ሳያነብ የተመሠረተ መንደር ነው። በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት ተመሠረተ። መሥራቹ ራሳቸው እንደሚናገሩት፣ ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ከቤት የወጡት በ13 ዓመታቸው ነበር። መደበኛ ትምህርት ያልተማሩት አቶ ዙምራ በኋላ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተሰጥቷቸዋል።

ማኅበረሰቡ በደርግ ዘመን መጨረሻ ግድም ወደ ቦንጋ ተሰዶ ሲመለስ ከመሬቱ የቀረለት ጥቂት ብቻ ነበር። በመሆኑም ከእርሻ ይልቅ በሽመና፣ በወፍጮና በንግድ ላይ አተኮረ። በመንደሩ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሽመና ቤት፣ ሱቅና የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ ሞንቴሶሪ ለወጣቶች የዘረዘሯቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ሥራ በጾታ አይከፈልም፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይጋግራል። ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጪ እንደ አቅማቸው ይሠራሉ። በየጊዜው በሚደረገው የቤተሰብ ውይይትም ሐሳባቸውን ይሰጣሉ፣ ወላጆቻቸውንም ይገመግማሉ። «ለወገን ደራሽ» በተሰኘው አሠራር ደግሞ ለአረጋውያንና ለችግረኞች የሚውል የሥራ ቀን አለ።

በዞኑ ሌላ ስፍራ የሚታየው የተማሪ ኑሮ ከዚህ የተለየ ነው። ትምህርት ቤት ከቀዬው የራቀበት የገጠር ልጅ በወረዳው ከተማ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ስንቁን ከቤቱ እየተሸከመ ይማራል። ይህ ልጅ፣ በተለይም ልጅቷ፣ ሞንቴሶሪ እንዳሉት ከቤተሰብ ርቀዋል፤ ነገር ግን ኃላፊ የሚሆንላቸው አዋቂም ሆነ ገቢ የሚያገኙበት ሥራ የለም። ስንቁ ሲቋረጥ ትምህርቱም ይቋረጣል። ስንቅ አመላላሽዋ ልጅ በመንገድ ላይ ለሚደርስባት አደጋ የሚፈራ ወላጅ ደግሞ ከትምህርት አስቀርቶ መዳርን መፍትሔ ያደርገዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ቢደነግግም ያለዕድሜ ጋብቻ ከገጠሩ አልጠፋም። በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ጋይንት መዝለቁና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል።

በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 7ኛንና 8ኛን ክፍል ለብቻው መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቷል። ቀድሞ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በአንድ እርከን ይታይ ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራንና ሙያን የሚያስተዋውቅ የትምህርት ዓይነትም ለዚህ ደረጃ ተካቷል። ይሁን እንጂ የሙያው ትምህርት ከመጽሐፍ ከተነበበ ከሌላው ክፍለ ጊዜ የሚለየው በስሙ ብቻ ይሆናል። መምህሩ ማሳ፣ መሣሪያና ወደ ወፍጮ ቤት የሚወጣበት ሰዓት ያስፈልገዋል። የፎገራ ገበሬ ከሩዝ ማሳው የሚያወጣውን ወጪና ገቢ ከተማሪዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ማስላት ግን ብዙ በጀት አይጠይቅም።

የተማሪ ማደሪያ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ለሁለት ዓመት ብቻ የሚቆዩ ልጆችን በየወረዳው ማኖር የሚችል መዋቅር ስለሌለ፣ ለጊዜው የሚታየው አማራጭ የተከራዩትን ልጆች በአንድ ግቢ አሰባስቦ፣ አንዲት እናት ወይም አንድ መምህር በኃላፊነት እንዲኖር ማድረግ፣ ከግቢውም ጓሮ አትክልትና ዶሮ እንዲያረቡ መፍቀድ ነው። የስንቁ ሸክም በዚያው ልክ ይቀልላል፤ የቅዳሜው መንገድም በየሳምንቱ አይሆንም።