የእህል መጋዘኑ መዋዕለ ሕፃናት ሆነ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከመኪና መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ አንድ ቀበሌ፣ የገበሬ ማኅበሩ አባላት በቀድሞው ዘመን በራሳቸው ጉልበት ሠርተው እህል ያከማቹበት የነበረ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ይኸው ቤት ተጠርጎና በጭቃ ተመርጎ የአካባቢው ሕፃናት የዜሮ ክፍል መማሪያ ሆነ። እኔም በ2009 ዓ.ም. የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት እዚያ ነው።

በመጀመሪያው ቀን 42 ሕፃናት ጠበቁኝ። በዕቅድ ደብተሬ መሠረት 20 ደቂቃ ለቁጥር፣ 20 ደቂቃ ለፊደል፣ የቀረው ለመዝሙር ተመድቧል። ዕቅዱ ግን ብዙ አልቆየም። አንዲት ልጅ ጠመኔውን ቀምሳ «ጨው አይደለም» ብላ ለጓደኞቿ አስታወቀች፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ካልቀመስን አሉ።

ስድስት ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ልጅ ከሦስት በላይ መቁጠር አቃተው። በስሙ ፊት «ደካማ» ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ዕለት ማምሻውን ከአባቱ ደጅ ቆሞ በጎች ሲያስገባ አየሁት። በጎቹ እየተጋፉ ካለፉ በኋላ ዞር ብሎ «ቦቃዋ የለችም» አለና ወደ ገደሉ ሮጠ፤ እውነትም በጊቱ ከቁጥቋጦ ሥር ተይዛ ተገኘች። በጎቹ ስንት እንደሆኑ ብጠይቀው አያውቅም። የእያንዳንዷን መልክና ጠባይ ግን ያውቃል። «ደካማ» ያልኩትን ያን ማታ ሰረዝኩት።

በማግሥቱ ጠጠር አስለቅሜ እያንዳንዱን ጠጠር በበግ ስም እንዲጠሩ አደረግሁ። ልጁ በሳምንቱ እስከ አሥራ አራት ደረሰና ቆመ። ቀጥል ብለው «ከዚህ በላይ በግ የለንም» አለኝ።

ከአባቶች በኩል የመጣው ቅሬታ ግን ቀላል አልነበረም። ልጁ በጭቃና በጠጠር ሲጫወት የሚውል ከሆነ በጎቹን ቢጠብቅ ይሻላል፤ የቄስ ተማሪ እንኳ ፊደል ይቆጥራል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። አባባላቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ የሕፃን ጉልበት ለገበሬ ቤት ጉልበት ነው። ይሁን እንጂ ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል በ1837 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ትምህርቱን ሲጀምር መሣሪያው ኳስና የእንጨት ቁራጭ ነበር። የሕፃን እጅና ዓይን በጨዋታ ሲሠራ ልቡም ይሠራል። በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ በጨዋታ መማርን ይደግፋል፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል።

ኅዳር ገብቶ የገብስ አጨዳው ሲጀመር 42ቱ ሕፃናት 17 ሆኑ። እናትና አባት ማሳ ሲውሉ በግ ጠባቂውም፣ ቤት ጠባቂውም፣ ታናሽ አዛዩም ሕፃኑ ነው። ይህን ጊዜ ነገሩን ለቀበሌው ሊቀ መንበር አቀረብኩ። እሳቸውም ንግግር አላደረጉም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ላይ ሰዎች ጠላ እየጠጡ ሳለ አንድ ጥያቄ ብቻ ጣሉ፦ የየጎጡ በጎች እስከ ቀትር ድረስ ባንድነት ቢሰማሩ ስንት እረኛ ይበቃል? ክርክሩ እስከ ምሳ ቆየ። አንዱ የጎረቤቴ በግ ፎከታም ነው፣ ከበጎቼ ጋር አይቀላቀልም አለ፤ ሌላው በግ ቢጠፋ ማን ይከፍላል ብሎ ጠየቀ። ፎከታሞቹ ተለይተው እንዲውሉ፣ ለጠፋው ደግሞ ጎጡ በጋራ እንዲከፍል ተስማሙ። በየጎጡ በተራ አንድ ትልቅ ሰው እንዲያግድ ተወሰነ። በሳምንቱ 34 ሕፃናት ተመለሱ።

ያልተመለሱት አብዛኞቹ ታናሽ የሚያዝሉ ሴቶች ልጆች ነበሩ። የበግ ተራ ለእነርሱ አልጠቀመም። ስለዚህ ካዘሉት ሕፃን ጋር ይምጡ አልኩ። ገምጋሚዬ ከኮሌጁ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው፤ ሁለት ጨቅላዎች ጥግ ላይ በጋቢ ተኝተው፣ አንዱ እያለቀሰ፣ የቀሩት ልጆች ወለሉ ላይ ጠጠር ዘርግተው አገኙን። ለክፍል አያያዝ የሰጡኝ ነጥብ ዝቅተኛ ነበር። ዛሬም ቢሆን ያን ነጥብ አላምንበትም።

እንዲህ ያለ ክፍል ለመክፈት የሚያስቡ የማኅበር መሪዎች ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል ብለው እንዳይሰጉ። እኛ ዘንድ የነበረው በር፣ የመጠጥ ውኃ እንስራ፣ ጠጠርና የሸክላ ጭቃ ነው። የጎደለን መጸዳጃ ነበር፤ ትንንሾቹ ሜዳ ለሜዳ ሲሄዱ አንዳንዶቹ ሳይመለሱ ይቀሩ ስለነበር፣ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱ ቢቆፈር ኖሮ ድካሜ በግማሽ ይቀል ነበር።

ታኅሣሥ ውስጥ ልምምዴ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ያ ልጅ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ እያለከለከ መጣ። ሌሊቱን ቦቃዋ ወልዳ ኖሯል። በሩ ላይ እንደቆመ «ጋሼ፣ ከአሥራ አራት ቀጥሎ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ።