የልጁ ዕድሜ በምን ይታወቃል?

በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ቀን ፖሊስ አንድ ልጅ ይዞ ወደ ሆስፒታላችን መጣ፤ እናቱም ከኋላ ተከትላ ነበር። ልጁ የተያዘው በሰፈር ጠብ ነው። እናቱ "ገና 14 ዓመቱ ነው" ብትልም፣ ልጁ ግዙፍ ስለነበር የሚያምናት አጣች። በእጇ የያዘችው የክትባት ካርድ ብቻ ሲሆን፣ የትውልድ ቀኑ የተጻፈበት ቦታ ውሃ ነክቶት ጠፍቷል። ስለዚህ ዕድሜው በአጥንት ራጅ እንዲገመት ታዘዘ።

ራጅ የልደት ቀን አይናገርም። የልጅ አጥንት እንደ ጤናውና እንደ አመጋገቡ ስለሚያድግ፣ ግምቱ አንድ ሁለት ዓመት ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። ውጤቱ "ከ14 እስከ 16" ተብሎ ተጻፈ። እናትየው "ሲስተር፣ ታዲያ ስንት ነው አሉ?" ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ለዚያ ልጅ ሁለት ዓመት ቀላል አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂዎች ጋርም አይታሰርም። ከ15 ካለፈ ግን የሚዳኘው በመደበኛው ድንጋጌ ነው።

ዕድሜ የሚጠብቀው መብት ይህ ብቻ አይደለም። የቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻን ይከለክላል። የሠራተኛ ሕጉ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድም 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት። ነገር ግን ዕድሜዋ በወረቀት ያልታወቀ ልጅን ደላላም ሆነ ሽማግሌ "አድጋለች" ሊላት ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ለእያንዳንዱ ሕፃን የስምና የዜግነት መብት ሰጥቷል። ይህን መብት በእጅ የሚያስጨብጠው የልደት ምዝገባ ነው።

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ጤና ተቋም የሚሰጠው ወረቀት የልደት ማሳወቂያ እንጂ የምስክር ወረቀት አይደለም። ወደ ቀበሌው ወይም ወደ ወረዳው የክብር መዝገብ ሹም ተወስዶ ልጁ መመዝገብ ይኖርበታል። እኔም ብዙ እናቶችን ስሸኝ ስለ ጡትና ስለ ክትባት ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ስለዚህ ወረቀት ግን "በደንብ አስቀምጪው" ብቻ ነበር የምለው። "ወስደሽ አስመዝግቢ" ማለት ነበረብኝ።

ለማስመዝገብ አባትና እናት የግድ አብረው መቅረብ የለባቸውም፤ አንዳቸው ማስመዝገብ ይችላሉ። ወላጆች ከሌሉ አሳዳሪው፣ እሱም ከሌለ ልጁን የሚያሳድገው ሰው ያስመዘግባል። ስለዚህ የልጅ ልጅ የምታሳድጉ አያቶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። 90 ቀን ካለፈም "አበቃ" ብላችሁ አትተዉት፤ ዘግይቶም ይመዘገባል። የምስክር ወረቀቱን ስትረከቡ ስሙንና የትውልድ ቀኑን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ፤ ኮፒውን ደግሞ ከዋናው ለይታችሁ ሌላ ቦታ አኑሩ።

በዚህ ሳምንት ልጆቻችሁ ቤት ስትሄዱ "ልጁ ተከትቧል?" ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። "ተመዝግቧል?" የሚለውንም ጨምሩበት።