በአንድ የስልክ ቁጥር ወደ ልዩ ልዩ የምስል ጉባኤ ስለ መግባት

በየስፍራው ያሉ ሹማምንት ከመሥሪያ ቤታቸው ሳይነሡ እየተያዩ የሚመክሩበት የምስል ጉባኤ ዛሬ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ነገር ግን ኢንተርኔት በማይደርስበት ወይም በሚቆራረጥበት ወረዳ ያለ ሹም በምስል ለመግባት ስለማይችል፤ በተራ ስልክ ደውሎ በድምፅ ብቻ የሚመክርበት መንገድ ተዘጋጅቶለታል። የዚህን መንገድ አሠራር ማወቅ ጉባኤ ለሚጠራውም ለሚጠራም ሹም የተገባ ነው።

ጥቅሙ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በኢትዮጵያ ብዙ ወረዳዎችን ወረረ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ደግሞ የኮሮና በሽታ ስለ ገባ ተሰብስቦ መምከር አስቸጋሪ ሆነ። የአንበጣ መንጋ በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ለመብረር ይችላል። እንግዲህ መንጋው ያደረበትን ስፍራ የሚያውቀው ሹም መስመር አጥቶ ከምክሩ ቢቀር፤ መድኃኒት ረጪው በማግሥቱ የሚደርሰው መንጋው ከለቀቀው ሜዳ ላይ ነው፤ የገበሬውም አዝመራ በሌላ ስፍራ ይበላል።

የስልኩ ቁጥር ለሁሉ አንድ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። በአንድ ሰዓት ብዙ ጉባኤዎች ይደረጋሉ፤ ለእያንዳንዱ ጉባኤ የተለየ የስልክ ቁጥር ቢሰጥ ወጪው ይበዛል፤ ቁጥሩንም ለማስታወስ ይቸግራል። ስለዚህ አንድ የጋራ ቁጥር ለሁሉ ይሆንና፤ ጉባኤዎቹ በመለያ ቁጥር ይለያያሉ። ይህም ብዙ እልፍኝ ያለው ግቢ አንድ በር እንዳለው፤ በበሩም አጋፋሪ ቆሞ እንግዳውን ወደ ማን እንደሚሄድ ጠይቆ ወደ ተገባው እልፍኝ እንደሚያስገባው ያለ ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ደዋዩ የጋራውን ቁጥር ሲመታ ጥሪው ስልኩንና ኢንተርኔቱን ወደሚያገናኘው መሣሪያ ይደርሳል። በዚያ የተቀረጸ ድምፅ ተቀብሎ የጉባኤውን መለያ ቁጥር ይጠይቀዋል። ደዋዩ አኃዞቹን ነክቶ በመጨረሻ የመሰላሉን ምልክት ይጫናል። እያንዳንዱ አኃዝ ሲነካ ሁለት ድምፆች በአንድነት ይሰማሉ፤ ለምሳሌ የ5 አኃዝ በሴኮንድ 770 ጊዜና 1336 ጊዜ የሚርገበገቡ ሁለት ድምፆች አሉት። ይህ ዘዴ በአሜሪካ ለሕዝብ የተሰጠው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ነው። መሣሪያው ከድምፆቹ አኃዙን ለይቶ በመዝገቡ ይፈልገዋል፤ ካገኘውም ደዋዩን ከዚያ ጉባኤ ጋር ያገናኘዋል።

ይህን የመሰለ አገልግሎት ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው በ8028 ቁጥር ገበሬው ደውሎ አኃዝ እየነካ የእርሻ ምክር ሰምቷል።

ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፤ በሩ ለሁሉ አንድ ስለሆነ፤ አንድ አኃዝ የሳተ ሰው በማያውቀው ጉባኤ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከመለያው ቁጥር ሌላ የምስጢር ቁጥር ይጨመር፤ ደዋዩም ሰብሳቢው እስኪያስገባው በደጅ ይቆይ።

ሁለተኛ፤ በድምፅ የገባ ሰው ፊቱ አይታይም፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሁሉ በአንድ ቁጥር ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ ሰብሳቢው ከምክሩ በፊት እያንዳንዱን በስምና በማዕረግ ይጥራ።

ሦስተኛ፤ የደዋዩ አካባቢ ጫጫታ ካለው ጉባኤውን ያውካል። በዙምና በቲምስ ጉባኤ ደዋዩ ኮከብንና 6ን ቢጫን ድምፁ ይዘጋል፤ ለመናገር ሲፈልግ ያንኑ ደግሞ ይጫናል።

አራተኛ፤ ቁጥሩ ነጻ ካልሆነ በቀር ሒሳቡ በደዋዩ ላይ ይወድቃል፤ በተለይ የውጭ አገር ቁጥር የሆነ እንደ ሆነ ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ የአገር ውስጥ ቁጥር መኖሩ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ጉባኤ የሚጠራ ሹም እንግዲህ በጥሪው ደብዳቤ የጋራውን ቁጥር፤ የመለያውን ቁጥርና ሰዓቱን አጥርቶ ይጻፍ፤ የምስጢሩን ቁጥር ግን ለተጠሩት ብቻ ለየብቻ ይላክላቸው። ከጉባኤው በፊትም አንድ ቀን ከሩቁ ወረዳ አስደውሎ ይፈትነው። ይህ የተደረገ እንደ ሆነ፤ በሩቅ ያለው ሹም ቃሉ በጊዜው ይሰማለታል።