ለበቅሎ የተጠረገው መንገድ

የሰው እጅ የሠራው ሁሉ የፊተኛው ጉዳዩ ባለፈ ጊዜ እንደ ከንቱ ነገር ሊጣል አይገባም፤ ለኋለኛው ዘመን ሌላ ጥቅም ይዞ የሚቆይ አለና። በአሜሪካ አገር በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚገኘው የቼሳፒክና የኦሃዮ ቦይ ለዚህ ነገር ምስክር ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1828 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የመጀመሪያውን አፈር ቆፈሩ። የታሰበውም ጀልባዎች ከዋሽንግተን አጠገብ ከጆርጅታውን ተነሥተው፣ ተራራውን አልፈው፣ እስከ ኦሃዮ ወንዝ እንዲደርሱ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዕለት በባልቲሞር የምድር ባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ከተማ ሲገባ፣ ቦዩ ከዚያ የደረሰው በ1850 ነው፤ ከዚያም ወዲያ አልተቆፈረም።

የቦዩ ርዝመት 297 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀልባውን በገመድ የሚስቡት በዳር የሚሄዱ በቅሎዎች ነበሩ። ዳገቱንም ጀልባው የሚወጣው ውሃ በደጅ እየተዘጋና እየተከፈተ በሚያነሣው በ74 የድንጋይ ክፍል ነበር፤ ስለዚህ የበቅሎዎቹ መንገድ ሜዳ ሆኖ ተጠረገ። ዛሬ ሽማግሌም ሕፃንም ሳይደክም የሚሄድበት ምክንያት ይኸው ነው።

በ1924 ጎርፍ ቦዩን ስላፈረሰው ሥራው ቆመ፤ በ1938ም መንግሥት ገዛው። ኋላም በስፍራው የኦቶሞቢል ጎዳና ይሠራ የሚል አሳብ ተነሥቶ፣ በ1954 ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊልያም ዳግላስ ግን ቁጣ ሳይናገሩ፣ የጋዜጣው ጸሐፊዎች አብረዋቸው በእግር ሄደው መንገዱን እንዲያዩት በደብዳቤ ጋበዟቸው። ጉዞው ስምንት ቀን ፈጀ፤ ብዙዎች በየመንገዱ ቢቀሩም ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ፈጸሙት። ጋዜጣውም የፊተኛውን አሳቡን ለወጠ። በ1971 ስፍራው በሕግ የሚጠበቅ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ በወረቀት ላይ ብቻ የታየ አሮጌ ሥራ ባዶ መሬት ይመስላል። ስለዚህ የአባቶችን ሥራ ለማፍረስ የሚመክር ሰው አስቀድሞ በእግሩ ሄዶ ይየው፤ ፍርዱንም ከዚያ በኋላ ይስጥ።