የፍራፍሬ ቢራ በቤት ውስጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጠላ ሲጠመቅ እያየ ላደገ ሰው ቢራ በቤት ማዘጋጀት እንግዳ ሥራ አይደለም። ብቅሉን፣ መራራውን ቅጠል፣ እርሾውንና የጥበቃውን ቀናት ያውቃቸዋል። የቢራው አሠራርም በአጭሩ ይህ ነው። የብቅል ውሃ ሆፕስ ከሚባለው መራራ አበባ ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል እሳት ላይ ይፈላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾ ይገባበታል። እርሾው የሚያመጣው ዋናው ፍላት ጋብ ሲል ፍራፍሬ ይጨመርበትና አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። በመጨረሻ በጥቂት ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል። ሰው የሚሳሳተው ፍራፍሬው ሲገባ ነው። ፍራፍሬ ለጠማቂው ጣዕም፣ ለእርሾው ግን ምግብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ የተሳሳቱ አመለካከቶች የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 1፦ ፍራፍሬ ቢራውን ያጣፍጠዋል

እውነታው፦ በፍራፍሬ ውስጥ ያለውን ስኳር እርሾ አሟጦ ይበላዋል። የሚተርፈው መዓዛው፣ ቀለሙና ኮምጣጣነቱ ነው። በብራስልስ አካባቢ የሚጠመቀው ክሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጠማቂዎቹ ላምቢክ በሚባለው ቢራ ላይ ኮምጣጣ ቼሪ ጨምረው ለወራት ያቆዩታል፤ በጥንቱ ዘዴ የተሠራው ክሪክ ጎምዛዛና ደረቅ እንጂ ጣፋጭ አይደለም። በገበያ ላይ የሚገኙት ጣፋጮቹ ዓይነቶች ከፍላቱ በኋላ ጭማቂ ወይም ስኳር የተጨመረባቸው ናቸው። በቤት ውስጥ ጣፋጭነት የሚፈልግ ሰው የቢራ እርሾ ሊበላው የማይችለውን የወተት ስኳር (ላክቶስ) መጠቀም ይችላል። ወተት የማይስማማው እንግዳ ካለ ግን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

የተሳሳተ አመለካከት 2፦ ፍራፍሬው በበዛ ቁጥር ቢራው ይጠነክራል

እውነታው፦ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። እርሾ ከሚበላው ስኳር በክብደት ግማሽ ያህሉን ወደ አልኮል፣ ግማሹን ወደ ጋዝ ይለውጣል። 100 ግራም እንጆሪ ውስጥ ያለው ስኳር 5 ግራም ገደማ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ የእንጆሪው ጭማቂ ብቻውን ቢፈላ አልኮሉ 3 በመቶ አካባቢ ነው። 5 በመቶ ባለው ቢራ ላይ ሲጨመር ያቀጥነዋል እንጂ አያጠነክረውም። 8 በመቶ ገደማ ስኳር ያለው ኮክ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ 14 በመቶ ገደማ ያለው ማንጎ ደግሞ በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል። የቢራውን ጥንካሬ የሚወስነው መጀመሪያ የገባው የብቅል መጠን ነው። ፍራፍሬን ለመዓዛው በሊትር 200 ግራም ገደማ አድርጎ መጀመር ይበቃል።

የተሳሳተ አመለካከት 3፦ ፍራፍሬው ከብቅሉ ጋር አብሮ ካልተቀቀለ ቢራው ይበላሻል

እውነታው፦ መቀቀል ሁለት ጉዳት አለው። መዓዛውን በእንፋሎት ያሳጣል፤ ማርማላታን የሚያረጋውን ፔክቲን ደግሞ ይለቅና ቢራውን ያደፈርሰዋል። የሚሻለው ፍራፍሬውን አጥቦ፣ የተበላሸውን ለይቶ፣ ከትፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ እስኪሆን ማቆየት ነው። በረዶው ሥጋውን ስለሚሰባብረው ሲቀልጥ ጭማቂው በቀላሉ ይወጣል። በረዶ ተሕዋስያንን ሁሉ አይገድልም፤ ስጋት ያለበት ሰው የተፈጨውን ፍራፍሬ እስከ 70 ዲግሪ አሙቆ ለሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት ይችላል። ፍራፍሬው ከዋናው ፍላት በኋላ የሚገባውም በምክንያት ነው፤ በዚያን ጊዜ አልኮሉ፣ አሲዱና ሆፕሱ ቢራውን ይጠብቁታል።

ሁለት ነገሮች ግን አይዘነጉ። በኮክና በፕሪም ዘር ውስጥ ሲፈጭ ሲያናይድ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ስላለ ዘሩ ወጥቶ መጣል አለበት። ፍራፍሬው ላይ ላዩን ተንሳፍፎ ከደረቀ ደግሞ ሻጋታ ያወጣል። በተቀቀለ ንጹህ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ከቢራው ሥር እንዲቆይ ማድረግ ይህን ያስቀራል።

የተሳሳተ አመለካከት 4፦ አረፋው ከቆመ ፍላቱ አልቋል

እውነታው፦ ከሁሉም አደገኛው አመለካከት ይህ ነው። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ እርሾው ይተኛል፤ አረፋውም ይቆማል፤ የፍራፍሬው ስኳር ግን ገና አለ። እንዲህ ያለ ቢራ ታሽጎ ሞቅ ያለ ቦታ ሲቀመጥ እርሾው ይነቃል፤ ጋዙ መውጫ ስለሌለው ጠርሙሱ ይፈነዳል። የሚበተነው መስታወት ዓይን ያጠፋል።

መፍትሔው ሃይድሮሜትር የሚባለው ርካሽ የፈሳሽ እፍጋት መለኪያ ነው። ለምሳሌ 1.048 ላይ የጀመረ ቢራ 1.010 አካባቢ ሊያቆም ይችላል። ክፍሉ ሳይቀዘቅዝ ቁጥሩ ወደተጠበቀው ደረጃ ወርዶ በሦስት ቀን ልዩነት ሲለካ ካልተለወጠ ፍላቱ አልቋል፤ ከቀነሰ ግን መጠበቅ ነው። ለማሸጊያ የሚጨመረው ስኳርም በግምት ሳይሆን በሚዛን ይሁን፤ በሊትር 6 ግራም፣ ለ4 ሊትር 24 ግራም ይበቃል። ጠርሙሱ ጋዝ የሚችል ወፍራም የቢራ ጠርሙስ መሆን አለበት። የፍራፍሬ ቁራጭም አብሮ አይግባ።

የተሳሳተ አመለካከት 5፦ ፍራፍሬ የገባበት የቤት ቢራ ዓይን ያሳውራል

እውነታው፦ ይህ ፍርሃት መነሻ አለው። ዓይን የሚያሳውረው ሜታኖል ሲሆን፣ ከፔክቲን መፍረስ ጥቂት ሜታኖል ይገኛል። በተፈላ ቢራ ውስጥ ያለው መጠን ግን አነስተኛ ነው፤ በወይን ጠጅና በፍራፍሬ ጭማቂም ውስጥ አለ። ሰው የጨረሱት የመመረዝ አደጋዎች በአብዛኛው የመጡት ለኢንዱስትሪ የተሠራ ሜታኖል ከተቀላቀለባቸው ሕገ ወጥ አልኮሎች ነው። ቢራ ይፈላል እንጂ እንደ አረቄ አይወጣም። በቤት ውስጥ አረቄ ማውጣት ግን ሌላ አደጋና ሌላ ሕግ ያለው ነገር ነው፤ ከዚህ ጋር አይምታታ።

የተሳሳተ አመለካከት 6፦ ዕቃው ታጥቦ ንጹህ ከመሰለ ይበቃል

እውነታው፦ የጠላ ጠማቂ እናቶች ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁታል። ጋኑን በግራዋ አሽተው ካጠቡ በኋላ በወይራ ያጥናሉ፤ አንዱ እድፉን ያነሳል፣ ሌላው ቀሪውን ተሕዋስ ይዋጋል። በቢራም ሥራው ሁለት ነው፤ በመጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎ ለመጠጥ ዕቃ በተዘጋጀ ተሕዋስ ማጥፊያ መንከር። በረኪና በደንብ ካልታጠበ ከብቅሉ ጋር ተገናኝቶ የመድኃኒት ጣዕም ይሰጣል።

የተሳሳተ አመለካከት 7፦ ፍራፍሬ ስላለበት ቀላልና ጤናማ ነው

እውነታው፦ የፍራፍሬው መዓዛ አልኮሉን ይሸፍነዋል እንጂ አይቀንሰውም። 5 በመቶ ያለው የእንጆሪ ቢራ 5 በመቶ እንዳለው ማንኛውም ቢራ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ መኪና ለሚነዳ ሰው አይሰጥም።

ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካርተር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 በፈረሙት ሕግ መሠረት አንድ አዋቂ ብቻውን የሚኖርበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት 200 ጋሎን ቢራ ለራሱ ፍጆታ መጥመቅ ይፈቀድለታል፤ መሸጥ ግን አይችልም። በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት አልኮል መጥመቅ ወንጀል ነው፤ እዚያ ያላችሁ ወገኖች በፍጹም አትሞክሩት።

ለጀማሪ 4 ሊትር ይበቃል። በተራ የቤት ድስት ይፈላል፣ በበረዶ ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቢበላሽም ኪሳራው ትንሽ ነው። ፍራፍሬ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሃይድሮሜትርና የግራም ሚዛን ግዙ። ሳትለኩ አታሽጉ።