በማለዳ ጭቃ፣ በቀትር ወንዝ፤ የአንድ ቀን ጉብኝት ከካፋ ምን ይጠይቃል?

ከጅማ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ የጎጀብን ድልድይ ሲሻገር ካፋ ዞን ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣና በጊምቦ ወረዳ በኩል ቦንጋ ያደርሰዋል። እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በቡና ስም ነው። ብሔራዊ የቡና ሙዚየምን ያያል፤ ጊዜ ካለው ወደ ማንኪራ ጫካ፣ ወደ ባርታ ፏፏቴ ወይም ወደ እግዜር ድልድይ ይዘልቃል፤ ከዚያም ይመለሳል። ጫካውን በመኪና መስኮት፣ ወንዙን ደግሞ ከድልድይ ላይ አይቶ የሚመለስ እንግዳ ለአካባቢው የሚተወው የምሳና የአልጋ ዋጋ ብቻ ነው።

ጫካ፣ ጭቃና ወንዝ ያላቸው ሌሎች የሞቃታማው ክፍለ ዓለም አካባቢዎች ግን ከእነዚሁ ሦስት ነገሮች የአንድ ቀን ጉብኝት ፈጥረው እየሸጡ ነው። ጉብኝቱ ሁለት ክፍል አለው። ጠዋት እንግዶች አራቱም ጎማዎቹ በሞተር ኃይል በሚዞሩ መኪና ተጭነው፣ አስፋልትም ጠጠርም ባልለበሰ ጥርጊያ መንገድ፣ ጭቃና ዳገት እያቋረጡ ወደ ወንዙ ላይኛ ክፍል ይወጣሉ። ከቀትር በፊት ከመኪናው ወርደው እያንዳንዳቸው በአየር በተሞላ የጎማ ላስቲክ ላይ ተቀምጠው ወንዙን ተከትለው ቁልቁል ይንሳፈፋሉ። መኪናው ዞሮ ከታች ይጠብቃቸዋል። መቅዘፊያም ሞተርም የለም፤ የሚያጓጉዛቸው ውኃው ነው። ነገሩ በወንዝ ዳር ያደገን ሰው አያስደንቀውም። የሚያስደንቀው ሰዎች ለዚህ ገንዘብ ከፍለው ከሩቅ አገር መምጣታቸው ነው።

የዚህ ሥራ መነሻ አስጎብኚ ድርጅት ሳይሆን እርሻ የሆነባቸው ቦታዎች አሉ። በሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ፣ የሊሁዌ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ከ1870 እ.ኤ.አ ገደማ ጀምሮ ያስቆፈራቸው የመስኖ ቦዮችና በተራራ ሥር የሚያልፉ ዋሻዎች ነበሩት። እርሻው እ.ኤ.አ በ2000 ሲዘጋ ቦዮቹ ቀሩ፤ ዛሬ እንግዶች በእርሻው የቀድሞ መንገዶች በመኪና ተወስደው በእነዚያው ቦዮች ውስጥ በጎማ ይንሳፈፋሉ። በጃማይካ የሪዮ ግራንዴ ወንዝ እንግዳ የሚጫንበት የቀርከሃ ታንኳ ቀድሞ ሙዝ ወደ ወደብ የሚወርድበት ነበር። በላኦስ ቫንግ ቪዬንግ ከተማ ደግሞ አንድ የእርሻ ባለቤት እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለበጎ ፈቃድ ሠራተኞቹ ከሥራ በኋላ መዝናኛ እንዲሆናቸው ጥቂት የጎማ ላስቲኮች ሰጠ። ጨዋታው ተወደደ፤ ወንዙም የከተማዋ ዋና ገቢ ሆነ።

የቫንግ ቪዬንግ ታሪክ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። በወንዙ ዳርና ዳር መጠጥ ቤቶች ተደረደሩ፤ እንግዳው ከአንዱ ወደ ሌላው እየጠጣ መንሳፈፍ ጀመረ። ከፍ ካለ መድረክ ወደ ጥልቀቱ ወዳልታወቀ ውኃ መዝለልም የተለመደ ሆነ። እ.ኤ.አ በ2011 ብቻ ቢያንስ 27 ቱሪስቶች መሞታቸውን የከተማዋ ሆስፒታል የመዘገበው ቁጥር ያሳያል፤ በማግስቱ ዓመት መንግሥት የወንዝ ዳር መጠጥ ቤቶቹን ዘጋ። ወንዙ ያው ወንዝ፣ ላስቲኩም ያው ላስቲክ ነበር። የተለወጠው ሥራው ከባለ እርሻው እጅ ወጥቶ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው መጥፋቱ ነው።

አገራችን ለወንዝ ጉዞ እንግዳ አይደለችም። የአሜሪካ ቀዛፊዎች የኦሞን ወንዝ በአየር በሚነፋ ጀልባ የወረዱት እ.ኤ.አ በ1973 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ኦሞ በዓለም የወንዝ ተጓዦች ዘንድ ስሙ የታወቀ ሆነ። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ያጠራቀመው ውኃ ግን ከዚያ የጉዞ መስመር ሰፊውን ክፍል ሐይቅ አድርጎታል። ጎጀብም የኦሞ ገባር ነው። ይሁን እንጂ የጀልባ ጉዞና በጎማ መንሳፈፍ አንድ አይደሉም። ጀልባ መቅዘፊያና የሠለጠነ ቀዛፊ ስላለው ድንጋይ ይሸሻል፤ በጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ውኃው ወደሚወስደው ይሄዳል። ስለዚህ ለጎማ የሚመረጠው ዝነኛው ወንዝ ሳይሆን ለዘብ ያለው፣ ጥልቀቱ የሚታወቀው፣ ዳርቻው ለመውጣት የሚመቸው አጭር ክፍል ነው።

እንዲህ ያለ ጉብኝት ለካፋ ቢታሰብ ቀድሞ የሚናገረው ዝናቡ ነው። ቦንጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1 ሺህ 700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዓመት ከ1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ስትሆን፣ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት በየጊዜው ይጥላል። ክረምት ላይ ወንዙም መንገዱም አይታሰብም። በደጋማዎቹ የአዲዮ ቀበሌዎች የዘነበ ዝናብ ቆላው ላይ ፀሐይ እያለ ወንዝ ሊሞላ እንደሚችል ከብት የሚያሻግር እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ውኃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ደራሽ ውኃ እየመጣ ነውና ወዲያውኑ መውጣት ያስፈልጋል። ከከተማ የመጣ እንግዳ ይህን ምልክት አያነብም፤ የሚያነብለት የአካባቢው ሰው አብሮት መሆን አለበት።

መኪናውም ቢሆን ከውኃ ነፃ አይደለም። መንገድ ያልተሠራለት ወንዝ ሲቋረጥ ሾፌሮች የሚሳሳቱት የመኪናውን ክብደት በመተማመን ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ ብዙዎቹን የቤት መኪኖች ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር የደረሰው ደግሞ ላንድ ክሩዘርን የመሰለ ትልቅ መኪና ሳይቀር ጠርጎ ሊወስድ ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውኃው መኪናውን ከሥር ያነሳዋል፤ ጎማው መሬት መቆንጠጥ ሲያቅተው ደግሞ ከጎን ይገፋዋል። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ጠንቃቃ ሾፌር ከመግባቱ በፊት ጥልቀቱን በዱላ ይለካል፤ የወንዙ ወለል የማይታይ ከሆነ አይሻገርም። ብቻውንም አይሄድም፤ አንዱ ሲሰምጥ በገመድ የሚጎትተው ሁለተኛ መኪና ይከተለዋል።

በግብርና ኮሌጅ የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን መኪና ሲያይ ዓይኑ ከጎማው ሥር ካለው አፈር ላይ ያርፋል። የካፋ ቀይ ሸክላማ አፈር ደርቆ ሳለ ብዙ ይችላል፤ ርጥብ ሆኖ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ግን ይታመቃል፤ የጎማው ዱካ ቦይ ይሆናል። የሚቀጥለው ዝናብ ያንን ቦይ ተከትሎ ይወርዳል፤ በተዳፋት ላይ ከሆነ ከጥቂት ክረምት በኋላ ቦረቦር ሆኖ ማሳ ይቆርጣል። የታጠበውም አፈር የሚደርሰው እንግዳው ሊንሳፈፍበት ከመጣው ወንዝ ነው። ስለዚህ ጉዞው ቀድሞ ባለው የጋሪና የመኪና መንገድ እንጂ በአዲስ ዱካ መሆን የለበትም። በዘነበ ማግስትም መሰረዝ አለበት። ጭቃ የጉብኝቱ ውበት ነው ብሎ በማስታወቂያ የሚሸጥ ሰው የአርሶ አደሩን ማሳ አብሮ እየሸጠ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ይኸውም ቡናው ነው። የእሸት ቡና ለቀማ ወንዙ መጉደል በሚጀምርበት ወቅት ይበረታል። እሸት ቡና መፈልፈያዎች የሚቋቋሙት ውኃ ስለሚፈልጉ ከወንዝ ዳር ነው፤ ገለባና አዝርት ተቀላቅሎበት የሚወጣው ፍሳሽ በጉድጓድ ካልተያዘ ተመልሶ የሚገባው እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው። ፍሳሹ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ውኃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ይኮመጥጣል፤ ገላን ያሳክካል። ከብት እንኳ እያሸተተ የሚመለስበትን ውኃ እንግዳ ተቀምጦበት እንዲወርድ መጋበዝ አይቻልም። እዚህ ላይ ጉብኝቱ አንድ ያልታሰበ ጥቅም ሊኖረው ይችላል። በወንዙ ንጽሕና ገቢ የሚያገኝ የቀበሌ ወጣት፣ ከላይ ያለው መፈልፈያ የፍሳሽ ጉድጓዱን በአግባቡ መያዙን ለመጠየቅ ምክንያት ያገኛል። ዛሬ ያንን ጥያቄ የሚያነሱት ውኃ የሚቀዱት እናቶች ናቸው፤ የሚሰማቸውም ጥቂት ነው።

አቧራውም መዘንጋት የለበትም። ደረቅ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሳምንታትን ይቆያል። ቡናው በተሰጣበት መንገድ ዳር መኪኖች ተከታትለው ሲበርሩ የሚነሳው አቧራ የሚያርፈው በቡናው ላይ ነው፤ ገዢው ደግሞ ለአቧራማ ቡና የሚከፍለው ለንጹሑ ከሚከፍለው ያነሰ ነው። ጥሩ አስጎብኚ በሰፈር ውስጥ በዝግታ ይነዳል፤ ከዚያም አልፎ ቡናውን ለእንግዳው ለማሳየት ባለቤቱን አስፈቅዶ ይቆማል።

በወንዙ ውስጥ ስላለው ጥንቃቄ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። መዋኘት የሚችልም የማይችልም የሕይወት አድን ጃኬትና የራስ ቁር ሊያደርግ ይገባል። የሚቀመጠው እግሩን ወደ ታች፣ ማለትም ውኃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጎ ነው፤ ድንጋይ ከመጣ በጭንቅላቱ ሳይሆን በእግሩ ይመክተዋል። ከጎማው የወደቀ ሰው በፈጣን ውኃ ውስጥ ቶሎ ለመቆም መሞከር የለበትም። ውኃው ጉልበት ያህል ብቻ ቢሆን እንኳ እግር በሁለት ድንጋዮች መካከል ከተያዘ ወራጁ ገላውን ወደፊት ገፍቶ ፊቱን ውኃ ውስጥ ይደፋዋል። በጀርባው ተንጋሎ ውኃው እስኪለዝብ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ዳር መቅዘፍ ነው ያለበት። ከድንጋይ በላይ አደገኛው ነገር ወንዝ ውስጥ የወደቀ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉ ውኃውን አሳልፎ ሰውን ያስቀራል። የአካባቢው ወጣቶች እንግዳ ከመግባቱ በፊት በየማለዳው መስመሩን በእግር ወርደው ማየት ያለባቸው ለዚህ ነው።

ረጋ ያለ ውኃ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቀስ ብሎ በሚሄድና ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውኃ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን ተሕዋስ ያስተላልፋሉ፤ ተሕዋሱ በቆዳ በኩል ይገባል። ከጉዞው ሳምንታት በኋላ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያየ ሰው ወንዝ መግባቱን ለጤና ባለሙያው መንገር አለበት፤ በሽታው ከታወቀ መድኃኒት አለው። በጎጀብ ረግረግ አካባቢ ጉማሬ ስለሚኖር ያ ቦታ ከርቀት ሆኖ ለማየት እንጂ ለመንሳፈፍ አይሆንም።

ቦታው የት ይሁን የሚለውን ለመወሰን ካርታ መዘርጋት ያስፈልጋል። ካፋ በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም ሲሆን ስፋቱ ከ760 ሺህ ሄክታር ይበልጣል። በውስጡ ሦስት ዓይነት ቀጣናዎች አሉ። በመካከል ያለው ጥብቅ ደን ሞተር የማይገባበት ነው ተብሎ መታሰብ አለበት። ዙሪያውን ያለው ከልካይ ቀጣና ማር ለሚቆርጥ፣ የጫካ ቡናና ኮረሪማ ለሚለቅም ሰው የተተወ ሲሆን፣ የመኪና ጉዞና የወንዝ ጨዋታ የሚመቸው ሰው ሰፍሮ በሚያርስበት በሦስተኛው ቀጣና ነው። በብዙ ቀበሌዎች ደኑን ከመንግሥት ጋር በስምምነት የሚያስተዳድሩ የደን ማኅበራት አሉ፤ ጥርጊያ መንገዱ በእነርሱ ክልል የሚያልፍ ከሆነ ፈቃዱ ከእነርሱ ይጀምራል። በአገሬው ባህል የሚከበሩ ዛፎችና የወንዝ ዳር ቦታዎች የት እንዳሉ የሚያውቁትም የቀበሌው ሽማግሌዎች ናቸው፤ በካርታ ላይ አይገኙም።

ከዚያ የገንዘቡ ጥያቄ ይከተላል። መኪናው የአዲስ አበባ፣ ሾፌሩም አስጎብኚውም ምሳውም ከአዲስ አበባ የመጣ ከሆነ ለቀበሌው የሚቀረው አቧራው ነው። ላስቲኩን የሚነፋውና የሚጠግነው የቦንጋ ጎማ ቤት፣ በገመድ የሚጠብቀው የወንዙ ዳር ወጣት፣ ቆጮውንና ማሩን የምታቀርበው የቀበሌዋ እመቤት ከሆኑ ግን ከአንድ እንግዳ ብዙ ቤት ይደርሳል። ድርሻው ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ክርክር ለደካማው ወገን ሲያደላ አልታየም።

የእርሻውን ቀን መቁጠሪያ ከወንዙ ጋር አስተያይቶ ላየ ሰው የሚቀረው ጊዜ ጠባብ ነው። ከጥምቀት በኋላ አብዛኛው ቡና ከአልጋ ይወርዳል፤ መፈልፈያዎቹ ሥራ ያቆማሉ፤ ፍሳሹም ይቀንሳል፤ መንገዱ ይደርቃል፤ ወንዙም ጠርቶ ድንጋዩ ይታያል። የመጋቢት ዝናብ እስኪጀምር ድረስ ጥቂት ሳምንታት አሉ። ሙከራ ማድረግ የሚፈልግ ወገን ካለ በእነዚያ ሳምንታት በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ አጭር የወንዝ ክፍል፣ በሁለት መኪና ቢጀምር ይበቃዋል።