የዛፍ ሽበት ምስክርነት

ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ደን የሚወርድ መንገደኛ፣ ገላጣው አልቆ የአስታ ዛፍ ሲጀምር ዓይኑ የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ አይደለም። ከየቅርንጫፉ እንደ አዛውንት ጺም የተንዠረገገ፣ ነጣ ብሎ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነገር ይመለከታል። ጉም ሲመጣ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደርቆ በእጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። ብዙ ሰው የዛፍ ሽበት ይለዋል። ዛፉን የሚመጥ ጥገኛ የሚመስለውም አለ፤ ግን አይደለም። የሳይንስ ስሙ ላይከን ነው። ዛፉ መቀመጫው ብቻ ነው፤ ቀለቡ የሚመጣለት ከዝናብ፣ ከጉምና ከአየር ነው። ስለ አየሩ ጥሩ ምስክር የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ላይከን አንድ ፍጡር ቢመስልም የሁለት ወገኖች ማኅበር ነው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ ርጥበት ይይዛል፤ በውስጡ የሚኖረው አልጌ ወይም ሳያኖባክቴሪያ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር ይህን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ሲናገር፣ ብዙ የዘመኑ የላይከን ሊቃውንት ሊቀበሉት አልወደዱም ነበር። መልኩም ሦስት ዓይነት ነው፦ በድንጋይና በልጥ ላይ እንደ ቀለም የተጣበቀ፣ እንደ ቅጠል የተነጠፈ፣ እንደ ጺም የተንጠለጠለ።

የዛፍ ቅጠል ሰም የመሰለ ሽፋን አለው፤ አየር የሚያስገባባቸው ቀዳዳዎችም ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ላይከን ግን ሥርም በርም የለውም። ዝናቡ ያመጣውን ሁሉ በመላ አካሉ ይጠጣል። እንደ ዛፍ ቅጠሉን እያራገፈ የሚገላገልበት ወቅትም ስለሌለው፣ እርሳሱም ካድሚየሙም ዓመት በዓመት ላይ ይጠራቀምበታል። ከድንጋይ ከሰል ጭስ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ደግሞ በርጥበቱ ሟሙቶ አሲድ ይሆንና የአልጌውን አረንጓዴ ሐመልማል ያበላሻል። አብሳዩ ሲሞት ቤት ሠሪው አይተርፍም። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ለአየር እጅግ የተጋለጠው ጺማሙ ነው፤ የተጣበቀው ሰንበት ይላል።

ይህን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ፊንላንዳዊው ዊልያም ኒላንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 በፓሪሱ የሉክሰምበርግ የአትክልት ስፍራ ከ30 በላይ የላይከን ዝርያዎችን መዝግቦ፣ ላይከን የአየር ጤንነት መለኪያ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1896፣ ከዚያው ስፍራ መጥፋታቸውን አስታወቀ። በ1970 ደግሞ እንግሊዛውያኑ ዴቪድ ሆክስወርዝና ፍራንሲስ ሮዝ በዛፍ ላይ የሚታዩትን ዝርያዎች በማየት ብቻ የሰልፈር ዳይኦክሳይድን መጠን የሚገምት ባለ 10 እርከን መለኪያ አወጡ።

ተራራ ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በየ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል፤ ርጥበቱ፣ ነፋሱ፣ ዛፉም ይለወጣል። ማሽላ በውርጭ አገር ስላልበቀለ መሬቱ ተመርዟል የሚል ገበሬ የለም። ላይከንም እንደዚያው ነው፤ የቆላው ዝርያ ደጋ ላይ ባይገኝ ጥፋቱ የከፍታው እንጂ የጭሱ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ይህ ምስክር ዝም ብሎ አይታመንም፤ እንደ ድሮው ሙግት በወጉ «ተጠየቅ» ሊባል ይገባል።

አጠያየቁ ሥርዓት አለው። ተመራማሪው ከግርጌ እስከ ጫፍ በተወሰነ የከፍታ ልዩነት ጣቢያ ይመርጣል፤ በየጣቢያው በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት፣ ቀጥ ያለና ጤነኛ ዛፍ ይፈልጋል። ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በግንዱ አራት አቅጣጫ 50 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም መሰላል መሳይ ፍርግርግ ይለጥፋል። ፍርግርጉ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 5 ካሬዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ዝርያ በስንቱ ካሬ እንደተገኘ ይቆጠራል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ የጋራ ደረጃ ሆኖ ወጥቷል። ብዛቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ማን እንደበዛ መታወቅ አለበት። ከፋንድያና ከማዳበሪያ የሚወጣ አሞኒያ የሚስማማቸው ቢጫና ብርቱካናማ ዝርያዎች ግንዱን ሞልተው ቢገኙ፣ ያ የጤና ምልክት አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ማዛወር ነው። ከንጹሕ ደን የተለቀመ አንድ ዓይነት ላይከን በየከፍታው ይሰቀላል፤ ከወራት በኋላ ወርዶ በቤተ ሙከራ ይመረመራል። መነሻው አንድ በመሆኑ የዝርያ ልዩነት ውጤቱን አያዛባም። ቢሆንም ከዛፍ ወሰን በላይ ነፋስ የሚያነሣው አፈር ይበዛልና፣ በአፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘው አሉሚኒየም አብሮ ይለካል፤ ከአቧራ የመጣውና ከጭስ የመጣው የሚለየው በዚህ ነው።

በወጉ ሲጠየቅ የሚናገረው ብዙ ነው። በጠራ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከተራራው ተንሸራቶ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል፤ ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ክዳን ይገጥመዋል። የምድጃና የመኪና ጭስ እዚያው ይታፈናል፤ ላይከኑም ግርጌው ላይ ሳስቶ ከክዳኑ በላይ ሊበዛ ይችላል። ተቃራኒውም አለ። ጉም ከዝናብ ይልቅ ብክለት አብዝቶ ሊሸከም ይችላል፤ እንደ ዲዲቲ ያሉ ኬሚካሎች ደግሞ በቆላው ሙቀት ተንነው፣ በነፋስ ተጉዘው፣ በደጋው ብርድ ይረጋሉ። ስለዚህ ፋብሪካ አይቶ የማያውቅ ከፍታም ቢሆን የሩቅ አገርን መርዝ ሊቀበል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የቸርኖቤል ኒውክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ፣ በስካንዲኔቪያ ከፍታዎች ያሉ ላይከኖች ራዲዮአክቲቭ ሲዚየም ጠጡ፤ ላይከኑን የሚግጡት፣ በአካባቢው የሚኖረው የሳሚ ሕዝብ የሚያረባቸው አጋዘኖች ሥጋም በዚያ ተበከለ።

ላይከን የዛሬ ጠዋቱን አየር አይነግረንም፤ የሚነግረን የወራትና የዓመታት ድምር ነው። ለዚያ ደግሞ ኤሌክትሪክም ጠባቂም አይሻም፤ መሣሪያ ተሸክሞ መውጣት በሚያዳግትበት ገደል ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የፓሪሱ ታሪክ መጥፋት ላይ አላበቃም። የከሰሉ ጭስ ከቀነሰ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መባቻ፣ ተመራማሪዎች በሉክሰምበርጉ የአትክልት ስፍራ ላይከን መመለሱን አስመዘገቡ። መጥፋቱም መመለሱም ሊታወቅ የቻለው ግን አንድ ሰው በ1866 ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ስማቸውን ስለጻፈ ነው። የሐረና አስታ ዛሬም ጺሙን እንዳንዠረገገ ነው። የልጅ ልጆቻችን ያንን ጺም አይተው ስለ አየራቸው አንድ ነገር መናገር እንዲችሉ፣ በየትኛው ከፍታ፣ በየትኛው ዛፍ ላይ፣ የትኛው ላይከን እንዳለ ዛሬ ልንጽፍላቸው ይገባል።